ውባየሁ «መጣ» ያለች ዕለት

አምቦ ውስጥ «መብራት ሄደ» ሲባል ማንም ግራ አይጋባም። ሄደ ማለት ሄደ ነው፤ ወፍጮው ይቆማል፣ ፀጉር አስተካካዩ በሩን ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ስልኩም ኔትወርክ የለም ይላል። «መጣ» ሲባልም መጣ ነው፤ ሰፈሩ ከትልቅ እስከ ትንሽ በአንድ አፍ ይጮኻል፣ ከእስር የተፈታ ዘመድ የሚቀበል ይመስል። በዱጋሳ ቤት ብቻ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እዚያ ቤት መብራት ሲሄድ «መጣ» ይባላል፣ ሲመጣ ደግሞ «ሄደ»። እንዲህ የምትለው ሚስቱ ውባየሁ ናት፣ ስትሮክ ከመታት ወዲህ።

ውባየሁ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከተማዋ በወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ጊዜ ተዛውረው መጡና እሷ እዚሁ ተወለደች። አድጋም አንድ ኮሌጅ ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆነች። አፏ ጤፍ ይቆላል የሚባልላት ሴት ነበረች፤ አለቆቿ እንኳ ጉዳይ ይዘው ወደ ጠረጴዛዋ የሚጠጉት ጉሮሯቸውን አጽድተው ነው። ዱጋሳ ደግሞ የደጋው የጎጆ ከተማ ልጅ ነው። ያ ብርዳም አገር ሰውን ቁጥብ ያደርገዋል መሰለኝ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። በኮሌጁ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ በተቀጠረ ሰሞን መስመር ሊፈትሽ ቢሯቸው ገባና ገና ከመግባቱ አምፖሉ ጠፋ። ውባየሁ ከመተየቢያዋ ላይ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ይኸው፣ አንተ ስትመጣ መብራት ይሄዳል» አለችው።  የሚመልሰውን ሲያስብ ከርሞ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከባት።

ተጋቡ፤ ለንሳን ወለዱ፤ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ቤት ሠሩ። ግድግዳውን ግንበኛ ገነባው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን ዱጋሳ በገዛ እጁ ዘረጋው። ለመታጠቢያ ቤቱ ከበሩ ውጭ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ ተከለ፤ የላዩ ለአምፖሉ፣ የታቹ አየር ለሚስበው ፋን። ሁለቱን በአንድ ቢያስራቸው ድካሙ ይቀንስለት ነበር። ውባየሁ ግን፣ «ለየብቻ ይሁኑልኝ። ያ ፋን ሲያጉረመርም የራሴን ድምፅ አልሰማም» አለች። እውነቷን ነው፤ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ በሩን አሻግራ ከባሏ ጋር ትከራከር ነበር። ባልየው አይመልስላትም፤ እሷ የሱንም ድርሻ ራሷ እየመለሰች ትቀጥላለች። እንዲህ ሆነው አረጁ፣ ደህና አድርገው።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኗን አደከመው፣ ምላሷንም አሰረው። ከወራት በኋላ ምላሷ ሲፈታ ቃላቱ ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን ቦታ ተለዋውጠው ነው። ሲርባት «ጠገብኩ»፣ ሲበርዳት «ሞቀኝ»፣ እንግዳ ሲገባ «ደህና ዋሉ»፣ ሲወጣ «ግቡ እንጂ»። ሐኪሙ «ያጋጥማል፣ በልምምድ ይስተካከላል» አላቸው። ሌላ ሰው ሲደናገር ዱጋሳ ግን ብዙም ሳይቸገር ገልብጦ መስማት ለመደ። ዕድሜውን ሙሉ ቃል ሲቆጥብ የኖረው ሰውዬ አስተርጓሚ ሆነ፤ ለጎረቤት ያስተረጉማል፣ ለሐኪም ያስተረጉማል፣ ለገዛ ልጁም ያስተረጉማል። ደስም ሳይለው አልቀረም። በዚህ ምድር ላይ እሱ ብቻ የሚሰማው አማርኛ ነበረ፣ የምትናገረውም ሚስቱ ነበረች።

እሷ ግን ደስ አይላትም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ስህተት መሆኑን ታውቀዋለች፤ ያን ጊዜ በደህናው ግራ እጇ ጭኗ ላይ ጥፊ ታሳርፋለች። ዱጋሳ ፈጠን ብሎ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል ውብዬ» ሲላት እጇ ይቆማል፣ ፊቷ ግን ወደ ግድግዳው ይዞራል።

የመታጠቢያ ቤቱ ነገር የተበላሸው ከበሽታዋም በፊት ነው። ጎረቤት ቤቱን ሲያስፋፋ ግድግዳውን የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፈው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቀበሌ ተኪዶ፣ መስኮቱ እንደተደፈነ ቀረ። ክፍሉ በቀትርም ጨለማ ሆነ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፋኑ ዝጎ ቆመ፤ የአምፖሉም ማቀፊያ ዛገና አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፤ ወለሉ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር አበቀለ። የሰውን ቤት ሲጠግን የኖረ ሰው የራሱን ቤት ነገ ነገ ይላል፤ ዱጋሳም እንደዚያው ነበር። አንድ ጠዋት ውባየሁ ገባች፣ አምፖሉ ድርግም አለ፣ እግሯ ከዳት። ዱጋሳ ሲደርስ ወለሉ ላይ ተዘርግታ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃልና ተሸክሞ አወጣት።

ለንሳ ሆለታ ውስጥ ነርስ ናት። በሰማች ማግስት መጣች። የእናቷን የጠቆረ ዳሌ አየች፣ መታጠቢያ ቤቱን በስልኳ ብርሃን አየች፣ ከዚያ ሳሎኑ መሐል ቆመች።

«እማዬን ይዣት እሄዳለሁ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደኔ ነዋ! ወዴት ይሆናል? አንተም ና፤ ሁለታችሁም ኑ።»

«ቤቷ ይሄ ነው» አለ ዱጋሳ።

«ቤቷ ሊገድላት ነው አባዬ!»

ውባየሁ ከወንበሯ ላይ ሆና «እሺ! እሺ! እሺ!» ብላ ጮኸች፣ የወንበሩን ክንድ በግራ እጇ እየደበደበች።

«ይኸው፣ እሺ አለች» አለች ለንሳ።

«እምቢ ማለቷ ነው።»

ለንሳ አባቷን ትክ ብላ አየችው። «እሷ እሺ ትላለች፣ አንተ እምቢ ማለቷ ነው ትለኛለህ። እኔ ማንን ልመን? ደግሞስ እንዲህ ሆና የቀረችው ለምን ይመስልሃል? ገልብጣ ያለችውን ሁሉ ስለምትረዳት ነው። ማረም ነበረብህ አባዬ። ካልታረመች ለምን ብላ ትሞክራለች?»

ዱጋሳ ዓይኑን ወደ ውባየሁ መለሰ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ያለችውም ከንቱ አልነበረም፤ ለዚህም ነው እንደ እሾህ የገባበት። በሩ ላይ ስትደርስ ለንሳ ትንሽ ለሰለሰች።

«በሚመጣው ቅዳሜ እመለሳለሁ። መታጠቢያ ቤቱ በርቶና ደርቆ ካገኘሁት አልነካትም። ካልሆነ ግን የምመጣው መኪና ይዤ ነው፤ ከዚያ በኋላ አትለምነኝ።»

ዱጋሳ በዚያው ቀን አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄዶ ፋንና መብራት በአንድ አካል የሆነ፣ ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ዕቃ አዘዘ። ዕቃው ከመርካቶ ተጭኖ እስኪደርስ ወለሉን በበረኪና ሲፈትግ ሰነበተ። እሱ ተንበርክኮ ሲፈትግ ውባየሁ ሳሎን ውስጥ ለብቻዋ ስታጉተመትም ይሰማታል። ጸሎት መሰለው።

ዕቃው ዓርብ ወደ ማታ ደረሰ። የድሮ የሥራ ባልደረባው ቦንሳ አገላብጦ አየውና፣ «ሁለቱንም በአንዱ ማብሪያ ማጥፊያ እሰርና ተገላገል። አንዱን ስትጫነው መብራቱም ፋኑም ይነሳል። የአፍታ ሥራ ነው» አለው።

ዱጋሳ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ለቦንሳ ምክንያቱን አላስረዳውም፣ እንደ ልማዱ። ምክንያቱ ግን ይሄ ነው፦ ውባየሁ ከታመመች ወዲህ ያልገለበጠችው ነገር ቢኖር እነዚያን ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው። እጇ ታውቃቸዋለች። ላዩን ለብርሃን፣ ታቹን ለፋን፤ ፋኑ ከሞተ በኋላ እንኳ ሁለቱንም በተራ ሳትጫን አትገባም ነበር። ስንት ነገር ተወስዶባት ይቺን ደግሞ እሱ ሊወስድባት አልሆነለትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚመጣውን ገመድ መለየት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ስካቶላውን፣ ገመዶቹ የሚጋጠሙበትን የግድግዳ ሳጥን፣ መክፈት ግድ ነው። ቤቱን ሲሠሩ ያገኘውን ገመድ ነበር የዘረጋው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ከሌሊት የጀመረውን እንደቀጠለ ነበር። መብራትም የለም። ዱጋሳ ለወትሮው ብሬከሩን ሳያወርድ ካቻቢቴ የማይጨብጥ ሰው ነው። ቆጣሪውና ብሬከሩ ግን ያሉት በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ነው፤ እሷን ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ቶሌራ ተከራይቷታል። ቶሌራ መብራት እንደሌለ ሲያይ በሩን ቆልፎ ወደ ጉዳዩ ሄዷል። ሊደውልለት ሞከረ፤ ኔትወርኩም ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል።

ሌላ ቀን ቢሆን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ለንሳ መንገድ ላይ ናት፤ ኦሎንኮሚን አልፋ ይሆናል፣ ጊንጪ ደርሳም ይሆናል፣ ደግሞ መኪና ይዛ። መብራት ከሌለ ገመዱ አይነክስም፤ የሚያስፈራው ድንገት የመጣ እንደሆነ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰፈሩ ጩኸት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ውባየሁን ወንበሯን ስቦ ከፍሪጁ ፊት ለፊት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ላይ አስቀመጣት።

«ይቺን ቀይ መብራት እያየሽ ጠብቂልኝ» አላት፣ የፍሪጁን ስታቢላይዘር እያመለከተ። «ስትበራም ንገሪኝ፣ ስትጠፋም ንገሪኝ። እኔ የምሰማው ያንቺን ቃል ነው።»

ውባየሁ ቀና አለች። ሰው ሥራ ከሰጣት ስንት ጊዜዋ ነው! ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ዓይኗን ቀይዋ ላይ ተከለች።

የትኛውን ቃል ብትል የትኛው ማለቷ እንደሆነ አልተነጋገሩም። እሱ ያውቀዋል፤ ማንሳቱ ደግሞ እሷን ማሳፈር መሰለው። «አንቺ ሄደ ስትዪ መጣ ማለትሽ ነውና» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ይሉኝታ ያዘው። በባልና ሚስት መካከል ያለ ይሉኝታ ደግ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላምነውም።

የብረት መሰላሉን ዘርግቶ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ መሰላሉ ጫፍ ላይ አስደግፎ ወጣ። የሞተውን ፋንና የዛገውን ማቀፊያ ፈትቶ ጣለ፣ አዲሱን ዕቃ ኮርኒሱ ላይ አጠበቀ። ስካቶላውን ከፈተ። በጉልምስናው የጠመዘዛቸው መጋጠሚያዎች እንዳሉ ናቸው፤ የተጠቀለሉበት ናስትሮ ግን ደርቆ ሲነኩት ይረግፋል።

«ሄደ!» አለች ውባየሁ። ወዲያው የጥፊው ድምፅ ጭኗ ላይ ተሰማ።

እጁን አነሳ። ወርዶ ሲያይ ቀይዋ በርታለች። «ጎበዝ! ገብቶኛል» አላት። መምጣቱም አልከፋም፤ ገመዶቹን የሚለየው መብራት ሲኖር ነው። ውባየሁን ደግፎ አስነሳትና በማብሪያ ማጥፊያዎቹ አጠገብ አቆማት፤ እሱ ገመድ ኃይል እንዳለው የሚያሳየውን ቴስተር ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ።

«ላዩን» አላት። ተጫነች፤ አንደኛው ገመድ ላይ የቴስተሩ ዓይን በራ። «አጥፊው። ታቹን።» ተጫነች፤ ሌላው ላይ በራ። አንድም አልሳተችም። እንዲያውም ሳያዛት ደግማ ላዩን ተጫነችና ከታች ሆና ሳቀች። ያቺ ሳቅ ወሬ የምታበዛው የድሮዋ ውባየሁ ሳቅ ነበረች፣ የመዝገብ ቤቷ። ዱጋሳ የመብራቱን ገመድ በናስትሮ ምልክት እያደረገ፣ ለንሳ ይቺን ሰዓት በመጣች ብሎ ተመኘ። ይህን ብታይ ኖሮ መኪናዋን ባዶዋን ትመልስ ነበር።

ውባየሁ ሁለቱንም አጥፍታ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ብዙም አልቆየ፣ «መጣ!» አለች፤ ጥፊው ተከተለ። ዱጋሳ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ቀይዋ ጠፍታለች። ደግ ነው፤ አሁን ማጋጠም ይቻላል። በቴስተሩም አረጋገጠና ቴስተሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የመብራቱን ከመብራቱ፣ የፋኑን ከፋኑ፣ መመለሻውን ከመመለሻው ጋር ጠምዝዞ አሰረ፣ ጠቀለለ። የቀረችው አንዲት መጋጠሚያ ናት፤ ከቆጣሪው መጥታ ሁለቱንም ማብሪያ ማጥፊያዎች የምትመግበዋ። ማብሪያ ማጥፊያው በራም ጠፋም ኃይል የማይለያት እሷ ናት። ናስትሮዋ ስለረገፈ ፈታት፣ ጫፎቿን ልጦ ለያየ። ሊያጋጥማት ሲል ናስትሮው ከእጁ አመለጠና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ወረደ። በመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብሎ በዳበሳ ሲፈልግ የውባየሁ ድምፅ መጣ።

«መጣ።»

ጩኸት አልነበረም። ቀስ ያለ፣ አንድ አንድ ፊደሉን እንደሚያስቀምጥ ሰው ያለ ድምፅ ነበር። ዱጋሳ ናስትሮውን አገኘው። ዝናብ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ብልጭ ብሎ መጥቶ ተመልሶ ሄዶ ነው፣ መሄዱን እየነገረችኝ ነው አለ በልቡ። «እሺ ውብዬ፣ ሰምቻለሁ!» አላትና መሰላሉን ወጣ። ቴስተሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም። የሷ ቃል ነበረው። በግራ እጁ መሰላሉን ይዞ በቀኙ የተላጠውን ገመድ ጨበጠ።

ራሱን ያወቀው ወለሉ ላይ ነው። ቀኝ ክንዱ ከሥሩ ታጥፎ ነበር፤ መንጋጋው ተቆልፎ አልከፈት አለው። ውባየሁ እግሯን እየጎተተች ደርሳ ከአጠገቡ ወደቀች። «መጣ! መጣ! መጣ!» ትላለች። ከሳሎን የፍሪጁ ጉርምርምታ ይሰማል። ያን ጊዜ ገባው። መብራት መጥቷል። መጣ ብላ የነገረችው የመጣውን ነው። በትክክል ነገረችው። ሊነግራት ፈለገ፤ መንጋጋው አልታዘዝ አለው።

ለንሳ የደረሰችው ጎረቤቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ቶሌራ መብራት መምጣቱን አይቶ ሱቁን ሊከፍት ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ ብሬከሩን አውርዶት ነበር። የጓሮዋ ጎረቤት አደ ሲንቄ ውባየሁን አቅፋ ይዛታለች፣ እሷም አሁንም «መጣ፣ መጣ» ማለቷን አላቆመችም። ምን እንደተፈጠረ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነ፤ ቢያንስ እንደዚያ መሰላቸው።

«አዪ! እሷን ነው እንዴ ጠባቂ ያደረጓት ኦቦ ዱጋሳ?» አለች አደ ሲንቄ። «ሲመጣ ሄደ፣ ሲሄድ መጣ የምትለዋን! ምን ታድርግ፣ በሽታው ነው እንጂ እሷ ምን አጠፋች።»

«ገልብጣ ነግራው ነው» አለ ሌላው። «ገልብጣ ነግራው ነው» እየተባለ ወሬው ከሳሎን እስከ አጥሩ ደረሰ። ሰው የታመመ ሰው አጠገብ ሲያወራ ጆሮም የታመመ ይመስለዋል። ውባየሁ ሁሉንም ሰማች። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ዓይኗን አዟዟረች፣ በመጨረሻም የባሏን የታጠፈ ክንድ አየች። ያን ጊዜ ዝም አለች።

መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት የዱጋሳ መንጋጋ ላላ። «ልክ ነበረች» አለ።

«እሺ አባዬ።»

«መጣ አለችኝ፤ መጥቶ ነበር። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ አባዬ፣ አሁን አትናገር» አለች ለንሳ፣ ግንባሩን እየዳበሰች። ሚስቱን የሚሸፍን ደግ ባል መሰላት። ለጎረቤቱም እንደዚያው መሰለው፤ «አይ ዱጋሳ፣ እሱ እኮ ነው ባል» አሉ። ከዚህ የበለጠ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነውና እንዴት እንደሚያሳምናቸው አላወቀበትም።

ክንዱ ተሰብሯል፤ ጀሶ ታሰረለትና ሆስፒታል አስተኙት። ማታውኑ ለንሳ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «እማዬን ምን ላድርጋት?» አለችው። ሳምንቱን ሙሉ ወለል ሲፈትግ የሰነበተው ይቺን ጥያቄ ላለመስማት ነበር። በአንድ እጁ ማን ያጥባታል፣ ማን ደግፎ ያስነሳታል? «ውሰጃት» አለ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ያቺን ጠዋት በልቡ መለስ ብሎ ሰማት። «ሄደ!» ጥፊ። «መጣ!» ጥፊ። ከዚያ ያቺ ቀስ ያለችው «መጣ»። ከሷ በኋላ ጥፊ አልነበረም። ጭኗን አልመታችም፣ ምክንያቱም አልተሳሳተችም፤ ልክ መሆኗንም ታውቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጸሎት የመሰለው ማጉተምተሟም ጸሎት አልነበረም። ልጇ «ካልታረመች ለምን ብላ ትሞክራለች» ስትል ሰምታ፣ እሱ ወለል ሲፈትግ እሷ ቃሏን ስታቃና ነበር የሰነበተችው። ለዚያች ለአንዲት ቃል ስንት ጊዜ ለፍታ ይሆን? ከአፏ በወጣች ጊዜ ደግሞ የሚሰማት እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ገልብጦ ሰማት። ዱጋሳ ፊቱን በብርድ ልብሱ ሸፍኖ አለቀሰ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቦንሳ ሥራውን ጨርሶት ጠበቀው። ዱጋሳ እንደፈለገው ነው የሠራለት፤ ላዩ ለመብራቱ፣ ታቹ ለፋኑ። ክፍሉ በርቷል፣ ወለሉ ደርቋል፣ ፋኑ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ዱጋሳ አንድ ጊዜ አብርቶ አየና አጠፋው። ለማን ብሎ?

ጀሶው ሳይፈታለት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሆለታ ወረደ። ለንሳ በሩን ስትከፍትለት ፊቷ ከስቷል።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አልተናገረችም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልክም አትናገር፣ ስህተትም አትናገር። አስመርምሬያታለሁ፤ አዲስ የመጣባት ነገር የለም አሉኝ። ትችላለች አሉኝ። አትፈልግም እንጂ።»

«መታጠቢያ ቤቱ አልቋል» አለ ዱጋሳ። «ልወስዳት ነው የመጣሁት። አደ ሲንቄም ጀሶው እስኪፈታልኝ እያደረች ልታግዘኝ ነው።»

ለንሳ ቆም ብላ አሰበች። «እሺ» አለች። «ጠይቃት። እሺም ትበል እምቢም ትበል፣ እንደፈለገች ትገልብጠው። አንተ ይህን ማለቷ ነው ካልከኝ አምንሃለሁ። በዚህ ጊዜ አልከራከርህም። ግን ከራሷ አፍ ቃል ልስማ አባዬ። ዝም ያለችን ሴት አንስቼ አልሰጥህም።»

ውባየሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ክፍሉ ብርሃን አለው። ባሏን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ጀሶው ላይ ወረደና እዚያው ቀረ።

ዱጋሳ ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። በሕይወቱ ብዙ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ተናገረ። «ውብዬ፣ ልክ ነበርሽ። መጣ አልሽኝ፣ መጥቶ ነበር። ጎረቤቱ የሚያወራውን ተዪው፣ እነሱ ምን ያውቃሉ? አስተካክለሽ ስትነግሪኝ ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ትሰሚኛለሽ?»

ትሰማዋለች። ጉንጯ ላይ እንባው ወረደ።

«ወደ ቤታችን እንሂድ?»

ከንፈሯ ተላቀቀ። ዱጋሳ ወደፊት ዘንበል አለ፤ ለንሳም ከበሩ ወደ ውስጥ ጠጋ አለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ አዩት። ከዚያ ያ ደህናው ግራ እጇ ተነሳና የገዛ አፏን ከደነው፣ ሊጮህ ያለ ሕፃንን አፍ እንደሚይዙት አጥብቆ።

«የፈለግሽውን በዪ» አላት። «እሺ በዪ። እምቢ በዪ። ልክ ባይሆንም ግድ የለም፤ አንቺ ብቻ በዪ ውብዬ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ዓይኗ ጀሶው ላይ ነው። ኩርፊያ አልነበረም፣ መሄዱንም መጥላት አልነበረም። ፈርታለት ነው። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ደግሞ እገድለዋለሁ ብላ ነው። ዱጋሳ ይህን ያለ ቃል አነበበው፤ ያለ ቃል የተነበበ ነገር ግን ለለንሳ አይነገርም። በደህናው እጁ እጇን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጎ ሊያወርደው ሞከረ። ባለ አንድ እጅና ባለ አንድ እጅ ነበሩ፤ የሷ በረታ።

ፀሐዩ ከመስኮቱ እስኪሸሽ ድረስ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇ ከአፏ ላይ አልወረደም፤ ዱጋሳም የአምቦውን ሚኒባስ ብቻውን ተሳፈረ።